ጥበቃው ሊቀመንበር ሆነው ያደሩበት ሌሊት

በባሕር ዳር ወደብ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ወደ ደቅና ወደ ሌሎች የጣና ደሴቶች የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር፣ የነዳጅ ወጪውን በወረቀት መቆጣጠር ሲሰለቸው ከሌላ ከተማ በመጣ ባለሙያ ሶፍትዌር አሠርቶ ነበር። ጀልባ ነጂው የሚፈልገውን ቤንዚን በስልኩ ይጠይቃል፤ ሊቀመንበሩ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ «ፍቀድ» ወይም «ከልክል» የሚለውን ይጫናሉ፤ የተፈቀደው በማግስቱ ማለዳ ከመጋዘን ይወጣል። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ባለሙያው ክፍያውን ተቀብሎ ስልክ ማንሳት ካቆመ በኋላ ሲሆን፣ የተጠራሁትም አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከአንዱ በስተቀር የማኅበሩ ጀልባዎች በሙሉ ነዳጃቸውን እስከ አፍ ገደፉ ሞልተው፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ በገዛ ኮሚቴያቸው ፊት ተከሳሽ ሆነው በተቀመጡበት ሰዓት ነበር።

መዝገቡ እንደሚለው ጥያቄዎቹን የፈቀዱት ራሳቸው ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ሰዓቱም 19:20 ይላል። ችግሩ በዚያ ቢሮ ውስጥ 19 ሰዓት የሚባል ነገር የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ገንዘብ ያዥዋም «ማጭበርበሩ ከዚህ ይጀምራል» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አዘዙ። ሰርቨሩ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ዋናው ኮምፒዩተር፣ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት እንደሆነ፣ 3 ሰዓት ሲጨመርበት 22:20 እንደሚሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:20 መሆኑን ባስረዳሁ ጊዜ ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ተመስገን!» አሉ። በዚያ ሰዓት ከከሳሾቻቸው ከግማሾቹ ጋር አንድ ሰርግ ቤት እስክስታ ሲወርዱ እንደነበር በቪዲዮ ተቀርጿልና። ቪዲዮው ለማስረጃነት ታየ፤ አንዳንዱ ሰው ግን ማስረጃነቱን ረስቶ እንደገና ይታይ አለ።

ታዲያ ማን ፈቀደ? ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው የግቢው ጥበቃ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው፣ ያለ አንዳች ድንጋጤ «እኔ ነኝ» አሉ። ሌሊት ሌሊት ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግና ዜና ለማየት ወደ ቢሮው ይገባሉ። «ስከፍተው ‘እንኳን ደህና መጡ፣ የተከበሩ ሊቀመንበር’ አለኝ። እንዲህ ያከበረኝን ማሽን ምን ልበለው? ከዚያ የልጆቹ ስም በየተራ እየመጣ ‘ፍቀድ ወይስ ከልክል’ ይለኛል። በሌሊት ተቸግሮ የጠየቀን ሰው ከልክዬ ልመልስ እንዴ?»

«አንድም አልከለከሉም?» አልኳቸው።

«አንዱን ከልክያለሁ። ለፋሲካ እንኳ እንደምን አደሩ ሳይለኝ ያለፈ ነው።»

ነዳጅ ያልሞላችው ጀልባ ምስጢርም በዚሁ ተፈታ።

ኮሚቴው ኮምፒዩተሩ ሽማግሌውን እንዴት ሊቀመንበር ሊላቸው እንደቻለ ይብራራልን ስላለ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። ድረ ገጾች የሚሠሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው ስምምነት በባሕርዩ ማስታወስ የሚባል ነገር የለውም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ ከማያውቀው ሰው የመጣ ያህል ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪ የተባለችውን ዘዴ ካመጣ ወዲህ ግን፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አንዴ ካስገባ ሰርቨሩ ሴሽን፣ ማለትም እስኪዘጋ ድረስ እንደ ገባ የሚቆጠርበትን ቆይታ፣ ይከፍትለትና መለያ ቁጥሩን በኩኪ አድርጎ ድረ ገጽ መክፈቻው ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ላይ ያኖርለታል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ የሚመለከተው ቁጥሩን እንጂ ቁልፉን የሚጫነውን ጣት አይደለም። ሊቀመንበሩ ወደ ሰርጉ ሲጣደፉ «ውጣ» የሚለውን ሳይጫኑ መስኮቱን ብቻ ዘግተዋል፤ ብራውዘሩ ካቆሙበት እንዲቀጥል ተደርጎ ስለተስተካከለ ኩኪውን ጠብቆ አቆይቶታል፤ ባለሙያው ደግሞ የሴሽኑን ዕድሜ 30 ቀን አድርጎታል። ቢጫኑትም ኖሮ «ውጣ» ኩኪውን ከብራውዘሩ ይሰርዛል እንጂ ሴሽኑን ሰርቨሩ ላይ አይዘጋም ነበር።

ይባስ ብሎም፣ የማጽደቂያውን ገጽ አድራሻ የሚያውቅ ማንኛውም ጀልባ ነጂ በራሱ ስም ገብቶ ለራሱ መፍቀድ ይችል ነበር፤ ሶፍትዌሩ ማን እንደሆንክ እንጂ ምን እንደተፈቀደልህ አይጠይቅምና። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ይህንኑ ጉድለት አንደኛ አድርጎታል። ልዩነቱን ለማስረዳት ክብራን ገብርኤልን አነሣሁ፦ ገንዘብ ያዥዋ ወደ ገዳሙ ቢሄዱ አባቶች ማንነታቸውን አሳምረው ቢያውቁም፣ ክብራን ለሴቶች የተከለከለ ነውና አያስገቧቸውም፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባሉ። ገንዘብ ያዥዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ስለዚህ እኔ ክብራን አልገባም፣ አባባ ግን ሊቀመንበር ይሆናሉ ማለት ነው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ፈቃድ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሰርቨሩ ራሱ እንዲመረምር፣ «ውጣ» ሲባል ሴሽኑ እዚያው እንዲሰረዝ፣ ማንም ሳይነካው ጥቂት ደቂቃ የቆየ ሴሽን በራሱ እንዲዘጋ አደረግሁ። ኮሚቴው ይህ ሁሉ አላረካውም። ነዳጅ በተፈቀደ ቁጥር በሊቀመንበሩ ስልክ ኮድ ይላክ አለ፤ የይለፍ ቃሉን ሰው ቢያውቀው እንኳ ስልካቸው ከኪሳቸው አይጠፋም በሚል። ይህም ተደረገ።

አዲሱ አሠራር በተጀመረበት ጠዋት ሊቀመንበሩ እንግዶች ይዘው ዘጌ ተሻግረው ነበር። አንድ ጀልባ ነጂ ነዳጅ አልቆበት ስለቸኮለ፣ ከዚያው ሆነው በሰው ስልክ ገብተው «ፍቀድ» ሲሉ ኮድ ተጠየቁ። ኮዱ የገባው ባትሪው አልቆ ወደብ ላይ ቻርጅ ይደረግልኝ ብለው ትተውት በሄዱት ስልካቸው ላይ ነው። ያ ስልክ የተሰካው ደግሞ አባባ ጋ ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ አባባ ስልክ ደወሉ፤ እኔም አባባ አጠገብ ነበርኩና ድምፁን ከፍ አድርገው አሰሙኝ። «አባባ፣ ስልኬ ላይ የመጣችውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላሉ ሊቀመንበሩ። አባባ የሊቀመንበሩን ስልክ ከዓይናቸው አርቀው ያዙና መልእክቱን ቃል በቃል አነበቡ፣ ቁጥሩን ብቻ ዘለሉት፦ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ ሊቀመንበሩ!»

«እሱንማ ማን ያውቃል? ያ ኮምፒዩተርም እኔን ሊቀመንበር ብሎኝ ነበር።»

ክርክሩ ሳያልቅ ኮዱ የሚያገለግልበት 5 ደቂቃ አለፈና ሌላ መልእክት ገባ። አባባ እሱንም አንብበው፣ «ይኸው፣ ዛሬም አትስጡ እያለ ነው» ብለው ስልኩን ወደ ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።