የአማዚጎች ቋንቋ እና የእኛ ጎረቤት ቅማንትኛ

ጎንደር ለጥምቀት ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን፣ በሰሜን አፍሪካ ያሉ በርበሮች፣ ራሳቸው እንደሚሉት አማዚጎች፣ ‹የናየር› የተባለውን አዲስ ዓመታቸውን ያከብራሉ። አልጄሪያ በዓሉን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጃንዋሪ 12 ሥራ ዝግ አድርጋ ታከብረዋለች። ሞሮኮ የምታከብርበት ጃንዋሪ 14 ግን በአብዛኛው በእኛ ጥር 6፣ በግዝረት ዕለት ይውላል፤ ሁለታችንም በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን የሚጨምረውን ጥንታዊ ስሌት ስለያዝን ነው።

ከግብፅ ሲዋ እስከ አትላንቲክ ጠረፍ የተዘረጋው ይህ ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኑሚዲያውን ንጉሥ ማሲኒሳን ያስነሣ፣ የራሱም ፊደል የነበረው ነው። በቱኒዚያ ዱጋ በፊኒቃውያንና በሊቢያውያን፣ ማለትም በጥንቶቹ አማዚጎች፣ ቋንቋ ጎን ለጎን የተቀረጸው ጽሑፍ ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ታላላቅ ልጆቹ የጻፉት በሌላ ቋንቋ ነበር፤ በ354 በታጋስቴ የተወለደው አውግስጢኖስ፣ እናቱ ሞኒካ ከበርበር ወገን እንደነበረች ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚናገሩለት፣ በላቲን ጻፈ፤ የታንጀሩ ተጓዥ ኢብን ባቱታም ያየውን በዐረብኛ አስጻፈ። ቋንቋው የኖረው በቤት፣ በግጥምና በዘፈን ነው፤ ጥንታዊውን የቲፊናግ ፊደልም በሰሃራ በረሃ በሚኖሩት አማዚጎች፣ በቱዋሬጎች ዘንድ እናቶች ለልጆቻቸው ያስተምሩ ነበር። ለእኔ የዚህ ሕዝብ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ከነገሥታቱ ይልቅ ይህ ነው።

ከነጻነት በኋላ የአልጄሪያ መንግሥት ዐረብኛን ብቸኛ ብሔራዊ ቋንቋ ሲያደርግ ቤት ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 ደራሲው ሙሉድ ማሜሪ በቲዚ ኡዙ ስለ ካቢሎች፣ ማለትም ስለ ሰሜን አልጄሪያ አማዚጎች፣ ጥንታዊ ግጥም ሊሰጥ የነበረው ትምህርታዊ ንግግር ተከለከለ፤ ተማሪዎችና ሠራተኞች አደባባይ ወጡ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። ስለ ግጥም ሊነገር በነበረ ንግግር የተቀሰቀሰው ይህ ንቅናቄ ‹የበርበር ጸደይ› ተባለ። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ቲፊናግን ለትምህርት ቤት መረጠች፤ በ2011 ሕገ መንግሥቷ፣ በአልጄሪያም በ2016፣ ቋንቋው ይፋዊ ሆነ።

ይህን ሁሉ ሳነብ በጭልጋ አካባቢ የሚነገረው፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቅማንትኛ ይታወሰኛል። አማርኛ ከሴማዊው፣ ቅማንትኛ ከኩሻዊው፣ የአማዚጎቹም ከበርበራዊው ቅርንጫፍ ሆነው ሁሉም በአንድ አፍሮ-እስያዊ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። ነገር ግን አማዚግኛ ዛሬም በሚሊዮኖች አንደበት ሲነገር፣ ቅማንትኛ የቀረው በጥቂት አረጋውያን አፍ ብቻ ነው። ማሜሪ የካቢልን ግጥም ከሽማግሌዎች ሰብስቦ ባያሳትም ኖሮ ብዙው ከተናጋሪዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር። በእኛም አገር ከፖለቲካው ክርክር ሁሉ አስቀድሞ፣ አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ጸሎታቸውና ተረታቸው በድምፅ ተቀርጾ በፊደል መጻፍ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ፤ ይህንንም ሥራ እዚሁ ጎንደር ያለን ሰዎች መጀመር እንችላለን።