ነጋሪት ዝም ያለች ቀን

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ያስነሳኝ ዝምታ ነው። ነጋሪት አልጮኸችም። እንቁላል ታቅፋ ከተቀመጠች ጀምሮ እንኳ ጠዋት ጠዋት ከጎጆዋ ተነስታ "በሩን ክፈቱልኝ" ብላ ሰፈሩን ታነቃ ነበር። ዛሬ ጸጥ። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወደ ዳክዬዎቼ ቤት ሮጥኩ።

ነጋሪት ኮል ዳክ የሚባለው ዝርያ ሴት ዳክዬ ናት። ከቤት ዳክዬዎች ሁሉ ትንሹ ዝርያ ይሄ ነው። አድጋ ጨርሳም ክብደቷ ከ700 ግራም አይበልጥም። ክብ ጭንቅላት፣ ጉንጫም ፊት፣ አጭር መንቁር አላት። ጫጩት ሳለች ሲያዩዋት መጫወቻ ትመስል ነበር። ድምጿ የወጣ ቀን ግን ሌላ ስም አልፈለግኩም፤ ነጋሪት አልኳት። ወንዱ እንደሷ አይጮህም። ጉሮሮውን እንደታመመ ሰው ሻከር ባለ ድምፅ ያንሾካሹካል። እሱን ሹክ ብዬዋለሁ።

ኮል የሚለው የዝርያው ስም ጥሪ ማለት ነው። ድሮ በሆላንድና በእንግሊዝ አዳኞች እነዚህን ዳክዬዎች ለማባበያ ያረቧቸው ነበር። ኩሬ ዳር ያስቀምጧቸዋል። እነሱ ሲጣሩ፣ በሰማይ የሚያልፉት የዱር ዳክዬዎች ዘመድ ያገኙ መስሏቸው ይወርዳሉ። የሚጠብቃቸው መረብ ነው። አሜሪካ በሕይወት ባለ ዳክዬ እያባበሉ የዱር ዳክዬ ማደንን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ወጥቼ ነጋሪት አጠገብ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። "ኑ" ማለት ብቻ ነው የምታውቀው። ያ ጥሪ ለሞት ማገልገሉ አንጀቴን በላው።

ጩኸቷ ሰው ያስቸግራል፣ አልክድም። አንድ ጎረቤቴ እንቅልፍ እንደነሳችው ነግሮኛል። እውነቱን ነው። ቤታቸውን ከሱ መስኮት አራቅኩ፣ ጠዋት ብርሃን ቶሎ እንዳይገባም አደረግኩ፤ ትንሽ ረዳ። "አንዷን ብቻ ብታስቀር ጸጥ ትል ነበር" ያሉኝም አሉ። እንደሱ አይደለም። ለብቻዋ የቀረች ዳክዬ ጓደኛ ፍለጋ ውላ ስትጣራ ታመሻለች። የሚያረጋጋት ሹክ አጠገቧ መኖሩ ነው።

ደግሞ ጩኸቷ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ለመለየት ወራት ፈጅቶብኛል። መኖ ስትፈልግ ጥሪው ረጅምና ተከታታይ ነው። ሹክ ከዓይኗ ሲጠፋ ይጣደፋል። አንድ ቀን ሳር ላይ እያሉ አንገቷን ወደ ጎን አዘመመች፣ አንድ ዓይኗን ወደ ሰማይ አደረገች፣ አጭርና ወፈር ያለ ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ ባለችበት ደረቀች። ሹክም ደረቀ። እኔ ቀና ስል ምንም አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ ነው ጭልፊቷ ነጥብ አክላ ስትዞር የታየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ወደ ላይ ስታይ እኔም አያለሁ።

ድምጿን ያልሰማሁባት ጊዜም አለ። እስካሁን ይቆጨኛል። ገና የሁለት ሳምንት ጫጩት ሳለች፣ ቀጭን ድምፅ እያሰማች በቁርጭምጭሚቷ ተቀምጣ ትቀር ነበር። እግሯ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ደክሟት ነው ብዬ ሁለት ቀን አለፍኩት። የምሰጣት የዶሮ ጫጩት መኖ ነበር፤ "ዶሮም ዳክዬም ያው ነው" ብለውኝ። ያው አይደለም። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ያስፈልገዋል፤ ሲያንሰው እግሩ ይጣመማል። የቢራ እርሾ ዱቄት መኖዋ ላይ እየነሰነስኩ መስጠት ጀመርኩ። ከቀናት በኋላ ተነስታ ሦስት እርምጃ ሄደች። ሦስቱንም ቆጥሬያለሁ።

ሌላው ሥራ ባብዛኛው ውሃ ነው። ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚያጠልቁበት ጥልቅ ዕቃ ካላገኙ ዓይናቸውንና የአፍንጫቸውን ቀዳዳ ማጽዳት አይችሉም። የቀየርኩትን ውሃ በሰዓት ውስጥ ጭቃ ያደርጉታል፤ እንደገና እቀይራለሁ። የረጠበውን ጭድ ቶሎ አወጣለሁ፤ ሻጋታው ሳንባቸውን ይጎዳል። ሲመሽ ሁለቱም ገብተው በሩ ይቀረቀራል። ለቀበሮም፣ ለድመትም፣ ለአይጥም ይህቺ የምታህል ዳክዬ አንድ ጉርሻ ናት።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ።

በሩን ስከፍት ነጋሪት እንቁላሎቿ ላይ ናት። ከደረቷ የነጨችው ለስላሳ ላባ ዙሪያዋን ከቧታል። አየችኝ፣ አልተነሳችም። ሌላ ጊዜ ለመብላትና ለመታጠብ ስትወጣ እንቁላሎቹን በዚያው ላባ ሸፍና ነበር የምትሄደው። ዛሬ መኖውን አፍንጫዋ ሥር ባደርግላትም አልነካችውም። ቀኑን ቆጠርኩ። ሃያ ስድስተኛው ነው። ኮል ዳክ የሚፈለፈለው በዚሁ ሰሞን ነው።

ደስታዬም ፍርሃቴም እኩል መጣ። የእነዚህ ዳክዬዎች መንቁር አጭር ስለሆነ ጫጩቱ ቅርፊቱን ለመስበር ይቸገራል። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣቱ አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ባለፈው ዓመት በመፈልፈያ ማሽን ሞክሬ ነበር። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቆ ሰዓታት ሲያልፉ አላስቻለኝም፤ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥኩት። ደም ወጣ። ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ያሉት የደም ሥሮች ገና አልደረቁም ነበር። ጫጩቱ እጄ ላይ ሞተ። ዛሬ እጆቼን ብብቴ ሥር ከትቼ ነው የተቀመጥኩት።

ሹክ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

ከዚያ ሰማኋት። መንቁሯን ሳትከፍት፣ ከደረቷ ሥር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ። ከሹክም ያነሰ። ትልና ታቆማለች፤ ደግሞ ትላለች። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አላባረረችኝም።

ስታቆም ከሥሯ፣ ገና ባልተሰበረ ቅርፊት ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ መለሰላት።