የአባዬ ጥያቄ

ዛሬ ምንም አልሆንኩም። ዝም ብሎ ደብሮኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አደረ፣ መብራትም እንደልማዱ ሄዷል። ሥራ ካልያዝኩ ተመልሼ እንደምተኛ ስለማውቅ፣ እማዬ ሳምንቱን ሙሉ የጨቀጨቀችኝን የቤቱን ካርታ ልፈልግላት ብዬ የአባዬን ቁም ሣጥን ከፈትኩ።

መሳቢያው ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ሲነኩት ይፈረፈራል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ (ይቺን በሽታዬን ታውቋታላችሁ)። የፈለግኩት የጋዜጠኛውን የጳውሎስ ኞኞን ዓምድ፣ «አንድ ጥያቄ አለኝ»ን ነበር። የለም። ግማሽ የስፖርት ገጽና አንድ የጨረታ ማስታወቂያ ብቻ።

አባዬ ስለ ጳውሎስ ኞኞ ሲያወራ እንደ ሰፈሩ ሰው ነበር። «ጳውሎስ እኮ እንዲህ አለ» ሲል ትናንት ጠጅ ቤት አብረው ያመሹ ነው የሚመስለው። አንድም ቀን በአካል አላየውም። ግን ቁልቢ በ1926 መወለዱን፣ አባቱ ግሪካዊ መሆናቸውን፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ማቆሙን እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ስወድቅ፣ «ጳውሎስ በአራተኛ ክፍል ትምህርት አገር ያስነብባል፣ አንተ…» ብሎ ጀመረ። «እንግዲያው እኔ ሦስት ክፍል በልጬዋለሁ» አልኩት። ጥፊዋ እስካሁን ትሰማኛለች።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አራተኛ ክፍሉ አይደለም። ጋዜጣ ያኔ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነበር፤ ማን መረቀ፣ ማን ጎበኘ፣ ማን ማንን ተቀበለ። (ያኔ ብቻ?) ይሄ የ«የኢትዮጵያ ድምፅ» አዘጋጅ ግን ለአንባቢው ጥያቄ ዓምድ ከፍቶ፣ ለመጣለት እየቀለደም እየተቆጣም ይመልሳል። ዛሬ አለቃ ገብረ ሐናን እንዳደረግናቸው ያገኘነውን ቀልድ ሁሉ በእሱ ስም የምንለጥፈው ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞ የሰው ደብዳቤ አይጠግብም፤ አጤ ምኒልክ በአገር ውስጥ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ሳይቀር ሰብስቦ ትቶልን ሄዷል። በ1984 ሲያርፍ አባዬ ሦስት ቀን ጋዜጣ አልገዛም።

እኔም እኮ «ኤዲተር» ነኝ። ቢዝነስ ካርዴ ላይ ተጽፏል። ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ገለጹ» የሚለውን «አስታወቁ»፣ «አስታወቁ» የሚለውን «አመለከቱ» እያደረግኩ እውላለሁ። ሐሙስ ዕለት አንዱን መልሼ «ገለጹ» አደረግኩት፤ አለቃዬ «አሁን ገና ሕይወት ዘራ» አለኝ።

ምን ልል ነበር… አዎ፣ አባዬም አንድ ጥያቄ ልኮ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲያስተምር፣ ቴምብር ለጥፎ። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲደርስ ከተላላኪው እጅ እየነጠቀ ስሙን ይፈልግ ነበር አሉ። አልወጣም። ምን ብሎ እንደጠየቀ ለማንም አልተናገረም። ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በደህና ቀኑ፣ እንደገና ሞከርኩት።

«እኔ የጠየቅኩት ጳውሎስን ነው፣ አንተን መች ጠየቅኩ?» አለኝና ሳቀ።

እህቴ ስለ ጨረቃ ነው ትላለች፤ ሰማይ ማየት ይወድ ስለነበር። እማዬ ደግሞ «ስለ እኔ ነው እንጂ! ያን ጊዜ ሽማግሌ ልላክ አልላክ እያለ ሁለት ዓመት ያመነታ ሰው» ትላለች። ይሄኛውን ለማመን ይቃጣኛል። ግን ደግሞ ሰው ልጅቷን ትቶ ለጋዜጣ አዘጋጅ ይጽፋል? አባዬ ያደርገዋል። እኔም ሳላደርገው አልቀርም። ማን ጋ እንደምልክ ነው የቸገረኝ።

መብራት የመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ አሁንም ወለሉ ላይ፣ የጨረታውን ማስታወቂያ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «አገኘኸው?» አለችኝ።

«አላወጣውም» አልኳት።

«ማን?»