ስግድ በጦሳ ላይ

ደሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ስግድ ነበር፤ የእኛ የቤተ እስራኤላውያን የጾምና የስግደት በዓል። ከማስተሰረያው ጾም ከአስተስርዮ ጀምሮ ሲቆጠር ሃምሳኛው ቀን ዘንድሮ ሐሙስ ላይ ውሎ ከኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ጋር ገጠመ። የሰፈሩ ልጆች ለነገው ጭስ ቅጠልና ጭራሮ ሲያከማቹ እኔ ነጭ ለብሼ፣ ጾሜን ይዤ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳን ተራራ ወጣሁ።

አክስቴ የሄደችው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል በወሰደው በዘመቻ ሰሎሞን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የደሴ ሰው አግብታ ስለነበር ቀረች። በእነርሱ ዘመን በዓሉን አብሮ ማክበር ማለት ደብዳቤ ማለት ነበር፤ እርሱም በዓሉ ካለፈ በኋላ ነበር የሚደርሰው። እኔ ስልክ አለኝ፤ አላማርርም።

ወደ ኢየሩሳሌም ለመስገድ አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርታውን ባየው መካ ከደሴ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፤ ኢየሩሳሌም ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ይህን ለጎረቤቴ ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ብትስቺም መካ ነው የምትደርሺው» አሉኝ።

አክስቴ ከኔታንያ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ገብታ፣ የቤተ መቅደሱን ቦታ ከሚያሳየው ከአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ሆና ደወለች። ቄሶቹ በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው ያልፋሉ፤ በግእዝ ሲያነቡ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማኛል። የፖለቲከኞቹ ንግግር ሲጀመር ስልኩን ወደ ራሷ ፊት አዞረችና ስለ ጎንደሯ መንደር ስለ አምቦበር ታወራልኝ ጀመር። ሰዉ በዋዜማው ገላውን ታጥቦ፣ በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ ማታ በዘፈን ሲወርድ። ይህን በየዓመቱ ነው የምታወራው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ያናድደኛል። አያቶቼ በዚያ ተራራ ላይ የሚሰግዱት ላላዩዋት ከተማ ነበር፤ ስግድ በሩቅ ያለ ሰው በዓል ነው። እርሷ ደርሳለች፤ የሩቅ ሰው ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎላቸዋል። «እንግዲህ ምን ያስናፍቅሻል?» አልኳት።

«አውቶቡሱ እኮ እላዩ ላይ ነው የሚያወርደን» አለች። «ሳይደክሙ የወጡት ተራራ ምኑ ተራራ ነው?»

እኔ በዚያ ሰዓት ትንፋሼ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ጦሳ ቀልድ አያውቅም። ምናልባት እርሷም በእኔ ቀንታ ይሆናል።

ጾሙን የምንፈታው አብረን ነው፤ ሰዓታችን ግን በአንድ ሰዓት ይለያያል። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ልዘረጋ ስል እርሷ ገና ስምንት ናት፤ «ቄሶቹ ሳይጨርሱ እንዳትቀምሺ!» ጠበቅኳት። ሥጋው እንደሆነ አይታሰብም። በወሎ ሉካንዳው የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ ሁለት ነው፤ ለእኔ የሚያርድ ሦስተኛ የለም። ሽሮና ምስር፣ የእማማ ቡና፣ ከዚያም በዋዜማው የጋገርኩት ዳቦ።

አክስቴ ዳቦውን ገልብጬ እንዳሳያት አዘዘችኝ። ገለበጥኩት።

«ኮባ የለውም» አለች።

«ገበያ አጣሁ።»

«ደሴ ላይ ኮባ ጠፋ ብለሽ ነው እኔን የምታሞኚው?»