ክሩዝ ኮንትሮሉን ማን ያጥፋው?

ሦስታችንም መንጃ ፈቃድ ስላለን መንገዱን ተከፋፍለን ለመንዳት ገና ሳንነሳ ተስማምተናል። መስማማት ያቃተን በክሩዝ ኮንትሮል ነው፤ ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጡ መኪናውን በመረጡት ፍጥነት በሚያስኬደው መሣሪያ። አጎታችን «እግሬ ሥራ ሲፈታ ዓይኔም ሥራ ይፈታል» ባይ ናቸው፤ ቁልፉን ነክተውት አያውቁም። ታናሽ እህቴ ደግሞ መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይጨርስ አውራ ጣቷ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ያገኘዋል። እኔ መሀል ሰፋሪ ነኝ።

የመጀመሪያው ተራ የአጎታችን ነበር። መንገዱ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና መሀሉ የተከፈለ ነው፤ መኪናም ብዙ የለበትም። እሳቸው ግን በእግራቸው ይነዳሉ። ከኋላ ወንበር ሆኜ የፍጥነት መለኪያውን ሳይ ወሬ ሲጀምሩ መርፌው ወደ 90 ይወርዳል፤ እኛ ስናወራና እሳቸው ሲያዳምጡ 105 ይደርሳል። እህቴም ልብ ብላው ኖሮ የመሣሪያውን ታሪክ አነሳች። ፈጣሪው ራልፍ ቲተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ5 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው። እንደሚተረከው፣ ጠበቃው እየነዳ ሲያወራ ያዘገማል፣ ሲያዳምጥ ያፈጥናል። መንገዱን የማያየው ቲተር ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት ሰለቸውና ፍጥነትን የሚያጸና መሣሪያ ወደ መሥራት ገባ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፤ መሣሪያው ክራይስለር መኪኖች ላይ የወጣው ደግሞ በ1958 ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ይሄ ነገር የተሠራው ለእርስዎ ነው» አለቻቸው።

«ጠበቃውን ዝም ማሰኘት ይቀል ነበር» አሉ፤ መርፌው እንደገና 90 ላይ ነበር።

እህቴ መሪውን ስትረከብ ፍጥነቱን 100 ላይ አሰረችና ቀኝ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አንስታ ወንበሩ ሥር ሰበሰበችው። ክርክሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው፦ እግር የት ይቀመጥ? አጎታችን ከፍሬን የራቀ እግር ሲያዩ ይጨንቃቸዋል። በዚህ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። በ100 ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል፤ እግር ፍሬን ፍለጋ ግማሽ ሰከንድ ካባከነ 14 ሜትር ሄደ ማለት ነው። እኔ ተረከዜን ፍሬኑ ፊት ለፊት አሳርፋለሁ። ጉልበቴ ያርፋል፣ እግሬ ግን ቦታውን አይለቅም።

ቀጥሎ በ98 የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ደረስን። እህቴ ወደ መቅደሚያው መስመር ወጣች፤ ነዳጅ መስጫውን ግን አልነካም አለች። ሂሳቡን ለማሳየት ያህል፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚበልጥ ፍጥነት 60 ሜትር ለመቅደም 108 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር መንገድ ያልቃል። ከኋላችን መኪኖች ተኮልኩለው አንዱ መብራቱን ያጠፋል፣ ያበራል። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላለች እሷ። ከክሩዝ ልማዶች ሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ክሩዙን ማጥፋት እንኳ አያስፈልግም። ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አድርጎ ማለፍ፣ ከዚያ እግርን ማንሳት ነው፤ መኪናው ራሱ ወደ 100 ይመለሳል።

ተራራው ሲጀምር ተራው የእኔ ሆነ። ክሩዝ ዳገትን አስቀድሞ አያይም። የሚነቃው ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ያኔ ነዳጁን ይለቀዋል፣ አውቶማቲክ ማርሹ ወደ ታች ይቀየራል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ሜዳ ላይ እውነት ነው፤ ዳገት ቁልቁለት በሚበዛበት ግን ሽቅብ ትንሽ ማዝገምን የማይጠላ እግር ይበልጠዋል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የእኛ መኪና ክሩዝ ፍሬን ስለማይዝ 100 ላይ ታስሮ ሳለ 110 አለፈ። አጠፋሁትና ማርሽ ቀነስኩ። ሳጠፋው በቁልፉ ነው እንጂ በፍሬን አይደለም። ፍሬን ሲነካ የኋላው መብራት ይበራል፤ ተከትሎኝ የሚመጣውን ሹፌር ያለ ምክንያት ማስደንገጥ አልወድም።

ከመንገድ ሥራው በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ወደ 50 ዝቅ ብለን ስንወጣ ወደ ቀድሞው ፍጥነት የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ መኪናው 100 ላይ እስኪደርስ ተስፈነጠረ። ጋሼ የበሩን እጀታ ጨበጡ። እህቴ ይህን ቁልፍ በፍጹም አትነካውም፤ ሁልጊዜ በእግሯ አፍጥና እንደ አዲስ ታስራለች። እኔ ግን የትኛው ፍጥነት ላይ እንደተውኩት እስካስታወስኩ ድረስ እወደዋለሁ።

ዝናቡ ሲመጣ ለአንድ ጊዜ ሦስታችንም ተስማማን፤ ይጥፋ። ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ጎማው መያዝ ሲያቅተው እግር ቀስ ብሎ ነዳጁን መቀነስ አለበት። ክሩዝ ደግሞ ውሃው ያዘገመውን መኪና ለማፍጠን ነዳጅ ሊጨምር ይችላል።

መጨረሻ ላይ የመኪና ጭንቅንቅ ጠበቀን። የኛ ዓይነቱ ክሩዝ እዚያ ምንም አይሠራም። እህቴ ለመመለሻው፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀቱን የሚጠብቅ ክሩዝ ያለውን መኪና እንከራይ ትላለች። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤስ ክላስ ላይ በራዳር ያመጣው ነው፤ ከፊት ያለው ሲያዘግም አብሮ ያዘግማል። አጎታችን አልተቃወሙም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አቀረቡ፤ ርቀቱ የመጨረሻው ረጅሙ ላይ ይደረግ።

«ጋሼ፣ እንዲያ ከሆነ ሁሉም ከፊታችን ይገባል እኮ!»

«ይግባ» አሉ።