አንበሳው መድረክ ላይ

ዛሬ ከልጄ ጋር ኒውዮርክ፣ ሚንስኮፍ ቲያትር ገብተን «ላየን ኪንግ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቲያትር አየን። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን ካርቱን ልጄ በቃሏ ነው የምታውቀው። መድረኩ ግን ሌላ ዓለም ነው!

ገና ሲጀምር ጠቢቧ ዝንጀሮ ራፊኪ በዙሉ ቋንቋ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታዜም ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። (ካርቱኑ ላይ ራፊኪ ወንድ ነው፣ እዚህ ሴት ናት። እኔ ይቺኛዋን መርጫለሁ።) ቀጭኔዎቹ እጅና እግራቸው ላይ ረጃጅም እንጨት ያሰሩ ሰዎች ናቸው። ዝሆኑ ደግሞ በተመልካቹ መሀል፣ በአጠገባችን አልፎ ወደ መድረኩ ሄደ። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር የተዋናዮቹን ፊት አልሸፈነችም። የአንበሳው ጭምብል ከራሳቸው በላይ ነው፤ ሰውየውንም አንበሳውንም እኩል ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 በሙዚቃዊ ቲያትር ዝግጅት ቶኒ የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በዚሁ ሥራ ነው። ሲያንሳት!

ንጉሡ አንበሳ ሙፋሳ ሲሞት ሴቶቹ አንበሶች ከዓይናቸው ረጃጅም ነጭ ጨርቅ እየሳቡ አለቀሱ። የእነሱ እንባ ጨርቅ ነው፣ የእኔ ግን የእውነት ነበር። ከዚያ ደግሞ የደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም ዝማሬ አለ። በአፓርታይድ ዘመን አገሩን ጥሎ በስደት የኖረ ሰው ነው። ናፍቆቱ ከዜማው ውስጥ ይሰማል፤ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ሆድ ያባባል።

ቲኬቱ ውድ ነው፣ አልዋሽም። ልጆች ያላችሁ ግን ቆጥባችሁም ቢሆን ውሰዷቸው። ከተቻለ ታች፣ ከመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ፤ እንስሳቱ በዚያ ነው የሚያልፉት።