ውኃ የመሰለው ጠብታ

የድሮ ስፕሪንት መኪና፣ ማለትም በአጭር ሞላላ ትራክ ላይ የሚሮጥ የውድድር መኪና፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) የለውም። ፍሪሲዮን የለውም፣ ባትሪም የለውም። ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያያይዘው ሹፌሩ በእጁ የሚያስገባውና የሚያወጣው አንድ ማገናኛ ብቻ ነው። ማገናኛው ከገባ ጎማው በዞረ ቁጥር ሞተሩም የግድ ይዞራል። ስለዚህ መኪናው የሚነሳው በግፊ ነው፤ ፒክአፕ ከኋላው ተጠግቶ ይገፋዋል። ባትሪዋ የሞተች ታክሲ ገፍቶ ያስነሳ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ ታክሲዋን የሚገፋት ሰው መሆኑ ነው፤ እዚህ የሚገፋው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ነው። አንድ ውድ ሞተር የበላችው ይህች ልዩነት ናት።

ቦታው አሜሪካ፣ ኢንዲያና ነው፤ ዙሪያው ግማሽ ማይል የሆነ ሞላላ የአፈር ትራክ። ዕለቱ የድሮ መኪኖች ለሽልማት ሳይሆን ለትዝታ የሚዞሩበት የበጋ ቅዳሜ ነበር። መኪናው በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ብሎን በብሎን ተፈትቶ እንደገና የተገጠመ፣ 220 ኪዩቢክ ኢንች ማለትም 3.6 ሊትር ገደማ የሆነ የኦፈንሃውዘር ሞተር የተሸከመ ነው።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ካልተባለ ጉዳቱ አይገባም። ኦፈንሃውዘር፣ በባለሙያዎቹ አፍ ኦፊ፣ አራት ሲሊንደርና ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት ያለው ሞተር ነው። ምንጩ የሃሪ ሚለር ጋራዥ ነው፤ ንድፉን በወረቀት ያወጣው ሊዮ ጉሰን ነው። ሚለር በ1933 ሲከስር ፍሬድ ኦፈንሃውዘር ሥራውን ተረክቦ ስሙን ሰጠው፤ በ1946 ደግሞ ለሉዊ ማየርና ለዴል ድሬክ አስተላለፈው። ከ1947 እስከ 1964 ድረስ ኢንዲያናፖሊስ 500 (ባጭሩ ኢንዲ) የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ውድድር ያሸነፉት መኪኖች በሙሉ ኦፊ ነበራቸው። ለኢንዲ ትልቁ፣ ለስፕሪንት 220ው፣ ሚጀት ለሚባለው ከስፕሪንት ለሚያንስ የውድድር መኪና ደግሞ ትንሹ ነው፤ ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። በአሜሪካ የስፕሪንት ውድድር ምሥራቅ ክፍል ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን፣ “በራሪው ገበሬ” የሚሉትን የፔንስልቬንያውን ቶሚ ሂነርሺትስን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የዚህን ሞተር ድምፅ ነው።

ኦፊን ከሌላው የሚለየው ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ እና ሲሊንደሮቹ በአንድ ቅልጥ መሠራታቸው ነው። በመካከላቸው የሚቃጠል ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የለም፤ ከፍተኛ እመቃ ሲበዛበትም የሚያፈተልክበት መገጣጠሚያ የለውም። ለውድድር ይህ በረከት ነው። የአንድ ሲሊንደር ውስጡን ማየት ሲያስፈልግ ግን መርገም ይሆናል፤ ቴስታታ ፈትቶ ማየት የሚባል ነገር የለማ!

ነዳጁ ሜታኖል የተባለው አልኮል ነው፤ የሚረጨውም ሂልቦርን በሚባል የነዳጅ መርጫ። ሞተሩ የሚያዞረው ፖምፓ ከጅራቱ ታንክ ይስባል፤ ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚዞር በርሜል ቫልቭ ይመጥነዋል፤ የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይሄዳል፤ የሚፈለገው በየሲሊንደሩ አየር መሳቢያ ላይ ባለው አፍንጫ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በርሜል ቫልቩ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅም ጨርሶ አይዘጋም፤ ቢዘጋማ ሞተሩ በዝግታ መሥራት አይችልም ነበር። ፖምፓውም በጥርሶቹ ዙሪያ ክፍተት አለው፤ ሲያረጅ ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ታንኩን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹፌሩ አጠገብ ያለው የእጅ ቫልቭ።

የዚያ መኪና የእጅ ቫልቭ እጀታ ዞሮ ተገጥሞ ነበር። በየትኛውም ጋራዥ የታወቀው ልማድ እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፣ ከተሻገረው ዝግ ነው የሚል ነው። መኪናው እንደገና ሲሠራ ግን እጀታው የመቀመጫውን ብረት እየነካ ስላስቸገረ 90 ዲግሪ አዙረው አስገቡት። የገጠሙት ሰዎች ያውቃሉ። በዚያ ቅዳሜ የተቀመጠው ሹፌር ግን እንግዳ ነበር፤ እጀታው ተሻግሮ ሲያይ “ዝግ ነው” ብሎ ተወው። በእሱ መፍረድ አይቻልም። እጀታ የሚናገረው አንድ ቋንቋ ብቻ መሆን አለበት፤ ቢያንስ አጠገቡ በቀለም ቢጻፍበት ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ነገር የታንኩ መተንፈሻ ነው። በተሸፈነ ተጎታች ውስጥ የሜታኖል ጭስ እንዳይሞላ ለጉዞ መተንፈሻ ቱቦው ላይ የጎማ ውታፍ ይደረጋል። ጠዋት ከጥላ ሥር ከነበረ በርሜል 60 ሊትር ቀዝቃዛ ሜታኖል ተቀዳ፤ ታንኩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ክዳኑ ጠበቀ፤ ውታፉን ግን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። መኪናው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ያውም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ጅራቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 60 ሊትር ሜታኖል 15 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ወደ 1 ሊትር ያብጣል። መተንፈሻው ተደፍኗል፤ ስለዚህ ያበጠው መውጫ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሜታኖል ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ የትነት ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ ጭማሪው ብቻውን ፈሳሹን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሽቅብ ማንሳት ይችላል። ከታንኩ እስከ አፍንጫዎቹ ያለው ከፍታ ከዚህ እጅግ ያንሳል። “ታንኩ ከሞተሩ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ወደ ላይ አይፈስም” የሚለው ማጽናኛ የሚሠራው ታንኩ ሲተነፍስ ነው።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲሊንደር የመሳቢያ ቫልቮቹን ከፍቶ ይቆማል። በዚያ ቀን ተራው የሦስተኛው ነበር። ሜታኖሉ ቀስ እያለ ወደ እሱ ገባ፤ በሌሎቹ ቫልቮች ተዘግቶበት የቀረው ደግሞ በመሳቢያ ቀንዶቹ (አየር በሚገባባቸው ቱቦዎች) አፍ ሞልቶ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

ጠብታው ታይቷል። ረዳቱ ልጅ መሬቱ እርጥብ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ የተሰጠው መልስ “ጠዋት ስናጥበው የቀረ ውኃ ነው” የሚል ነው። ሜታኖል ቀለም የለውም፤ ቤንዚን እንደሚተወው ዓይነት የቅባት ጠርዝም መሬት ላይ አይተውም። ከደረቀ ደረቀ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ጥሪ ሆነ። የግፊው ሥርዓት ይህ ነው፦ ማግኔቶው (ያለ ባትሪ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው መሣሪያ) ይጠፋል፣ ነዳጁ ይዘጋል፣ ማገናኛው ይገባል፣ ፒክአፑ ይገፋል። ሹፌሩ ዓይኑን ከዘይት ጌጁ ላይ አይነቅልም፤ ግፊት ሲያይ ነዳጁን ይከፍታል፣ ማግኔቶውን ያበራል፣ ሞተሩም ይነሳል። ፒክአፑ ነካ ሲያደርገው የኋላ ጎማዎቹ ሳይዞሩ በላላው አፈር ላይ ተንሸራተቱ። ጎማው ሳይዞር መንሸራተቱ ራሱ ከበቂ በላይ ምልክት ነበር። ሁለት ጥቁር መስመር አፈሩ ላይ ተሥሎ እየታየ የተሰጠው ፍርድ ግን “አፈሩ ላልቷል፣ አይቆነጥጥም” የሚል ሆነ። ማገናኛውን አውጥተው፣ መኪናውን በእጅ ገፍተው ወደ አስፋልቱ ወሰዱት።

አፈሩ ሞተሩን ሲያድነው ነበር፤ አስፋልቱ ጎማውን ቆነጠጠ። ፒክአፑ ሁለተኛ ሲገፋ አንድ “ጓ” የሚል ድምፅ ተሰማ፣ መኪናው ዘለል አለ፣ ከዚያ ሞተሩ መዞር ጀመረ። ተነሣም። ግን በሦስት እግሩ እንደሚሄድ በሬ እያነከሰ ነው የተነሣው። አዛውንቱ መካኒክ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሻግረው “አጥፋው!” አሉ። ሃያ ሴኮንድ እንኳ አልሠራም።

በውስጡ ምን ሆነ? 3.6 ሊትር ለአራት ሲካፈል በሲሊንደር 900 ሲሲ ገደማ ነው። እመቃው 12 ለ1 ከሆነ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 82 ሲሲ ብቻ ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና የማይሞላ። አየር ይታመቃል፣ ፈሳሽ አይታመቅም። ከሲኒዋ የበለጠ ሜታኖል ካለ ፒስተኑ መንገዱን መጨረስ አይችልም፤ የሚገፋው ካላቆመ ደግሞ አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። የሚሸነፈው ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ሞተሪኖ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሲገጥመው “ግጭ” ብሎ ይቆም ነበር፤ ጉልበቱ ትንሽ ነውና። ፒክአፕ ግን አይሰማውም። የሚነዳው ሰው እግሩን ትንሽ ጫን ያደርጋል፣ ያው ነው።

ምርመራው ሞተሩ ሳይፈታ ተጀመረ። አራቱም ካንዴላ ወጣ፤ የሦስተኛው እርጥብና የታጠበ ያህል ንጹሕ ነበር። የኋላው በክሪክ ተነሣ፣ ማገናኛው ገባ፣ ጎማው በእጅ ዞረ። በዚህ ሞተር ሁለተኛውና ሦስተኛው ፒስተን አብረው ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ ሁለቱን ማወዳደር ነው። ሦስተኛው ከሁለተኛው 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቀረ። ቀጥ ያለ ቢዬላ አያጥርም፤ የታጠፈ ነው የሚያጥረው።

ከዚያ በኋላ ያለው የኦፊ ዋጋ ነው። ዳዶዎቹ ተፈትተው ቴስታታና ሲሊንደሩ የሆነው ትልቅ ብረት እንዳለ በማንሻ ተነሣ፤ አራቱ ፒስተኖች በየቢዬላቸው ላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ። በሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ የፒስተኑ ቀለበት የሚደርስበት የቆየ መስመር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ አዲስ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ሌላ መስመር ተሠርቷል። በሃያ ሴኮንድ! ቢዬላው ተጣለ፤ የታጠፈ ቢዬላ ተቃንቶ አይመለስም፣ ቢቃናም ድካሙ በውስጡ ይቀራል። አዲሱ ከሦስቱ ጋር በክብደት እስኪተካከል ተሞረደ። ሌሎቹ ቢዬላዎች፣ ክራንክ ሻፍቱና የሲሊንደሮቹ ብረት በማግኔትና በብረት ብናኝ ለስንጥቅ ተፈተሹ፤ ንጹሕ ሆኑ። ዘይቱ ሜታኖል አልፎበት ግራጫ፣ ወተት የነካው መስሎ ስለነበር እንዳለ ተደፋ።

አሁን ቡድኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። የመተንፈሻው ውታፍ አንድ ክንድ በሚረዝም ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ የጨርቁ ሌላ ጫፍ መሪው ላይ ይታሰራል፤ ስለዚህ ውታፉ ካልወጣ ሹፌሩ መቀመጥ አይችልም። የእጅ ቫልቩ እጀታ ወደ ልማዱ ተመልሷል፤ የተቆረጠው የመቀመጫው ብረት ነው። ታንኩ የሚሞላው ከመውጣት ሠላሳ ደቂቃ በፊት ነው፣ ያውም ለማበጥ ቦታ ተትቶለት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ግፊ በፊት መኪናው በክሪክ ይነሳል፣ አራቱም ካንዴላ ይወጣል፣ ሞተሩ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪዞር ጎማው በእጅ ይዞራል። ሁለት ዙር የሆነበት ምክንያት አራቱም ሲሊንደሮች እመቃቸውን የሚጨርሱት በሁለት ዙር ስለሆነ ነው። ፈሳሽ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ እንደ ምንጭ ይፈናጠራል፤ ማንም ፊቱን ከላዩ አያደርግም።

ማግኔቶው የሚያዘው በተለየ ጥንቃቄ ነው። ባትሪ ስለሌለ እሳት አይኖርም ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ ማግኔቶ በዞረ ቁጥር ራሱ እሳት ያመነጫል። የሚጠፋው የማጥፊያው ሽቦ ከሻሲው ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ማጥፊያው ጠፍቶም ማግኔቶው በርቷል ማለት ነው። የሜታኖል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። በ1981 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ተወዳዳሪው ሪክ ሚርስ ነዳጅ ሲሞላ የተነሣው እሳት ፊቱን ሲያቃጥለው ዙሪያው የነበሩት የሚያዩት ሰው ሲወራጭ ነበር እንጂ እሳት አልነበረም። ስለዚህ ካንዴላ ሲወጣ ሁለት ባልዲ ውኃ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሜታኖል ከውኃ ጋር ስለሚዋሐድ ብዙ ውኃ ያጠፋዋል። ጓንትም ይደረጋል፤ መርዙ በቆዳም ይገባል።

ረዳቱ ልጅ የጨመረው አንድ ነገር አለ። መኪናው በቆመበት ሁሉ ከመሳቢያ ቀንዶቹ ሥር ካርቶን ያነጥፋል። ካርቶኑ ላይ እርጥብ ነገር ካየ በላዩ እጁን አያሳርፍም፤ ከጎኑ ከጠርሙስ አንድ ጠብታ ውኃ ያንጠባጥብና ሁለቱን ቆሞ ያያል፤ ሜታኖሉ ቀድሞ ይጠፋል። አዛውንቱ መካኒክ አሁን ክሪኩን ከማንሳታቸው በፊት “ካርቶኑስ?” ብለው እሱን ይጠይቃሉ።